የእንግዳ ጋሻ

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝ፥ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ መልካም ጠባይ ስንነጋገር ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ከቤቱ ወጥቶ በሰው አገር ስለሚያድር ሰው፥ ይልቁንም ካደረበት ሆቴል ያላሰበው ሒሳብ ስለሚመጣበት መንገደኛ ጥቂት ቃል ለመናገር አስበናል። ነገሩ የደረሰው በራሳችን ላይ ስለ ሆነ፥ የሰው ወሬ እንደምናቀብል አይቈጠርብን።

አስቀድመን ግን ስለ አንድ ቃል እንናገር። አማርኛን በሥራ ምክንያት የምትማሩ አንባብያን እንደምታውቁት፥ ሰው ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሲሻገር አብዝቶ የሚያሰናክለው የሚያውቀው የሚመስለው ቃል ነው። እኛ አፋችንን የፈታንበት ትግርኛ እንግዳን «ጋሻ» ይለዋል። አማርኛ ግን ጋሻ የሚለው ጦር የሚመክቱበትን መሣሪያ ነው። ወደ አዲስ አበባ መጥተን ሥራ በጀመርንበት ዓመት፥ አለቃችን በደጅ የሚጠብቅ ሰው እንዳለ ቢጠይቁን «ሦስት ጋሻ በር ላይ ቆሟል» ብለን መለስን። እሳቸውም ፈገግ ብለው «ጦሩንስ ማን ያዘው?» አሉን። በዚያን ቀን በጣም አፈርን። ዛሬ ስናስበው ግን ሁለቱ ቃላት ያን ያህል የተራራቁ ሆነው አላገኘናቸውም፤ ምክንያቱንም ከጽሑፋችን መጨረሻ ላይ እንነግራችኋለን።

አሁን ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ባለፈው ዓመት ለመሥሪያ ቤታችን ሥራ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ወደምትርቀው ወደ ሐዋሳ ወርደን ነበር። ያረፍነው ስሙን መጥቀስ በማያስፈልገን በአንድ መካከለኛ ሆቴል ሲሆን፥ የቆየነውም ሦስት ሌሊት ነው። ክፍሉ ንጹሕ፥ አልጋውም የተመቸ ነበር። ጧት ጧት ወደ ሐይቁ ዳር ወረድ ስንል፥ አባ ኮዳ የሚባሉት ታላላቅ ወፎች ዓሣ በሚሸጥበት ሥፍራ ተሰልፈው፥ የወር መጨረሻ የደረሰላቸው ሠራተኞች መስለው ድርሻቸውን ሲጠብቁ እናይ ነበር። ስለ ቤቱም ሆነ ስለ ከተማው የምናማርረው ነገር አልነበረንም።

የክፍሉ ዋጋ በሌሊት 1,500 ብር መሆኑ አስቀድሞ በስልክ ተነግሮን ነበር። እኛም በልባችን 4,500 ብር ቈጥረን ሄድን። ከደረስን በኋላ ግን ገንዘብ ተቀባይዋ «ጠቅላላው 5,692 ብር ከ50 ሳንቲም ነው» ባለችን ጊዜ ደንገጥ አልን። በልጅነታችን በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተማሩን መምህር፥ ከመልሱ በፊት አሠራሩን ካላሳየናቸው አንድም ነጥብ አይሰጡንም ነበር። ይህ ትዝ አለንና «እኅቴ፥ ድምሩን ተቀብለናል፤ አሠራሩንም ብታሳዪን ደስ ይለናል» አልናት።

እርሷም በትሕትና ወረቀት አውጥታ አስረዳችን። የሦስት ሌሊት ዋጋ 4,500 ብር ነው። በዚህ ላይ የአገልግሎት ክፍያ ተብሎ ከመቶ 10፥ ማለት 450 ብር ሲጨመር 4,950 ብር ይሆናል። በዚህ ድምር ላይ ደግሞ የተጨማሪ እሴት ታክስ ከመቶ 15፥ ማለት 742 ብር ከ50 ሳንቲም ሲታሰብ 5,692 ብር ከ50 ሳንቲም ይመጣል። ብዙ ሰው 10ንና 15ን ደምሮ ከመቶ 25 የሚከፍል ይመስለዋል። ታክሱ በአገልግሎት ክፍያውም ላይ ስለሚታሰብ ግን ጭማሪው ከመቶ 26 ተኩል ነው። በእኛ ሒሳብ ልዩነቱ 67 ብር ከ50 ሳንቲም ሆነ፤ አሠራሩን የማያውቅ ሰው ግን በዚህች ምክንያት ተታለልሁ ብሎ ሊጣላ ይችላል።

ይህ ጭማሪ ያላሰብነው ቢሆንም ያልተገባ አልነበረም። የተጨማሪ እሴት ታክስ በአገራችን ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የሚከፈል ሲሆን፥ የቀድሞው አዋጅ በ2016 ዓ.ም. በሌላ አዋጅ በተተካ ጊዜም መጠኑ ከመቶ 15 እንደ ሆነ ጸንቷል። ጥፋቱ የእኛ ነበር፤ በስልክ ዋጋውን ስንጠይቅ «ከነአገልግሎቱና ከነታክሱ ነውን?» የምትለውን አንዲት ጥያቄ አልጨመርንምና። ስለዚህ ሳናጕረመርም ከፈልን፤ ደረሰኙንም ተቀበልን። ከዚህም በቀር ሲወጡ የሚመለስ መያዣ ነው ተብሎ 2,000 ብር አስያዝን።

በአራተኛው ቀን ሌሊት በ11 ሰዓት አውቶቡስ ለመሳፈር ስንነሣ፥ በር ላይ ያገኘነው ወጣት «የገንዘብ ሣጥኑ ተቈልፏል፤ መያዣዎን በባንክ እንልክልዎታለን» አለን። እኛም አምነን ሄድን። በሦስተኛው ቀን የመጣልን ግን 850 ብር ብቻ ነበር። ምክንያቱም በስልካችን ላይ በአጭሩ ተጽፎ ነበር፤ ይኸውም «ለጠፋ ፎጣ 900፥ ለልብስ እጥበት 250» የሚል ነው።

አንባብያን ሆይ፥ እውነቱን እንናገርና በመጀመሪያ ያደረግነው ነገር መቈጣት ነበር። «ሁለቱም ሐሰት ነው!» ብለን በቤት ውስጥ ጮኽን። ባለቤታችን ግን ነገር የማያስቸኵላት ሴት ስለ ሆነች፥ እስክንጨርስ ጠብቃ «ሻንጣህን የፈታሁት እኔ ነኝ፤ ፎጣ አልነበረበትም። ሸሚዞችህ ግን ታጥበውና ተተኵሰው ነው የመጡት። በሆቴሉ ማን አጠበልህ?» ብላ ጠየቀችን። ያን ጊዜ በሁለተኛው ቀን ሁለት ሸሚዝ ለእጥበት መስጠታችን ትዝ አለን። ስለዚህ የ250 ብሩ ዕዳ የእኛው ነበር። ሰው በተቈጣ ጊዜ የራሱን ዕዳ እንኳ እንደሚረሳ ከዚህ ተማርን።

የቀረው የፎጣው 900 ብር ነው። ይህ ገንዘብ በቤታችን የወጪ ደብተር ላይ ለታናሽቱ ልጃችን ጫማ ተብሎ ተይዞ ነበር። ከገንዘቡ ይልቅ የከነከነን ግን ስማችን ነው። በሆቴሉ መዝገብ ላይ ከስማችን አጠገብ «ፎጣ ጠፋ» ተብሎ ተጽፏል። ከመሥሪያ ቤታችን ነገ ሌላ ሠራተኛ ወደዚያው ሆቴል ቢሄድ፥ በምን ዓይን ይታይ ይሆን?

ነገሩን ለሁለት ወዳጆቻችን ነገርናቸው። አንዱ «ተወው፤ ዝም ባለ አፍ ዝምብ አይገባም፤ የመንግሥት ሠራተኛ ስለ ፎጣ ሲከራከር ቢሰማ ነውር ነው» አለን። ሁለተኛው ደግሞ «ዝም ብለህ ስማቸውን አጥፋ፤ ያን ጊዜ ራሳቸው ገንዘብህን ይዘው ይመጣሉ» ሲል መከረን። በበኩላችን የሁለቱንም ምክር አልተቀበልንም። ሁለተኛው ምክር የሰው እንጀራ የሚያሳጣ ነው፤ ነገሩ ሳይመረመር የወጣ ስም ተመልሶ አይሰበሰብም። የመጀመሪያው ግን ጠለቅ ብሎ ሊታይ ይገባዋል።

በአገራችን ልማድ እንግዳ የእግዜር ነው። ለእንግዳ ያበሉትን መቍጠር፥ እንግዳም ስለ በላው ዋጋ መጠየቁ እንደ ነውር ይታይ ነበር። በአዲስ አበባ በእቴጌ ጣይቱ ስም የሚጠራው፥ ዕድሜው ከመቶ ዓመት ያለፈ ሆቴል ሥራ በጀመረ ጊዜ፥ ሰው ምግብን በገንዘብ ገዝቶ መብላት አሳፍሮት እንደ ነበረ እስከ ዛሬ ይነገራል። ይህ ይሉኝታ ከእኛ ጋር ቀርቷል። በዘመድ ቤት ሲሆን ያማረ ነው። ሆቴል ግን በውል የሚታደርበት ቤት ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሆቴል ቤትና እንግዳ ስለሚገቡት ውል ራሱን የቻለ ክፍል አለው። በውል በሚኖርበት ቤት «ይህ ሒሳብ ከምን የመጣ ነው?» ብሎ መጠየቅ ሥርዓት እንጂ ነውር አይደለም። አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» የሚሉትም ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ደብዳቤ ለመጻፍ ወሰንን። አማርኛን ለምትማሩ አንባብያን እንደ ምሳሌ እንዲያገለግል ከዚህ በታች አቅርበነዋል። በዓምዳችን «እኛ» እያልን ብንጽፍም፥ በደብዳቤው ላይ «እኔ» ማለት ግድ ሆኖብናል፤ ፎጣ ጠፋበት የተባለው እንግዳ አንድ ሰው ነውና።

«ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ።

በሆቴላችሁ ለሦስት ሌሊት አርፌ ነበር። ስለ ተደረገልኝ መልካም መስተንግዶ አመሰግናለሁ።

ካስያዝሁት 2,000 ብር ላይ 1,150 ብር ተቀንሶ 850 ብር ደርሶኛል። ከተቀነሰው ውስጥ ስለ ልብስ እጥበት የተያዘው 250 ብር ተገቢ መሆኑን አምናለሁ።

ስለ ጠፋ ፎጣ የተያዘውን 900 ብር ግን አልቀበልም። ፎጣ ይዤ አልወጣሁም። ስገባ በክፍሉ ስንት ፎጣ እንደ ነበረ የሚያሳይ፥ የፈረምሁበት ዝርዝር የለም፤ ስወጣም ክፍሉ በፊቴ አልታየም።

ስለዚህ ሒሳቡ በምን ማስረጃ እንደ ተያዘ ተመርምሮ፥ ማስረጃ ከሌለ ገንዘቡ እንዲመለስልኝና በመዝገብ ላይ የተጻፈው እንዲታረም በትሕትና እጠይቃለሁ። የደረሰኞቹን ግልባጭ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ።»

ደብዳቤው አጭር መሆኑን ተመልከቱ። በመጀመሪያ ያመሰግናል፤ ቀጥሎ የሚታመነውን ያምናል፤ ከዚያ በኋላ የማይታመነውን ለይቶ ይክዳል፤ በመጨረሻም የሚፈልገውን በግልጽ ይጠይቃል። ስድብ የለበትም፥ ልመናም የለበትም። የራሱን ዕዳ ያመነ ሰው ሌላውን ዕዳ በካደ ጊዜ ቃሉ ይሰማል።

በሕግም በኩል ቢሆን መሠረት አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቍጥር 2001፥ ግዴታ አለብህ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት። እንደዚሁም በቍጥር 1686፥ አንድ ነጋዴ ለሥራው ያወጣው ጠቅላላ ደንብ በመንግሥት የታዘዘ ወይም የጸደቀ ካልሆነ በቀር፥ ሌላው ተዋዋይ አውቆ ካልተቀበለው አያስገድደውም። ስለዚህ ከበር በስተጀርባ በደቃቅ ፊደል ተለጥፎ ማንም ያላሳየን ወረቀት ብቻውን ዕዳ አይሆንብንም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅም ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ እንዲያስታውቅና ደረሰኝ እንዲሰጥ ግዴታ ጥሎበታል።

ከአራት ቀን በኋላ ሥራ አስኪያጁ በስልክ ጠሩን። ድምፃቸው የተቈጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። «ጌታዬ፥ ደብዳቤዎን አንብቤዋለሁ። እርስዎን ሌባ ያለ ሰው የለም። ነገር ግን የጠፋ ዕቃ በቤታችን ደንብ በክፍሉ አጽጂ ላይ ይታሰባል። ለእርስዎ ከመለስን ከልጅቱ ደመወዝ መቈረጡ ነው» አሉን።

ይህን ስንሰማ ጥቂት ጊዜ መልስ አጣን። ልጅቱን እናውቃታለን፤ ጧት ጧት ባልዲዋን ይዛ «እንዴት አደሩ?» የምትለን፥ ዕድሜዋ ከሃያ የማይበልጥ ልጅ ናት። ለእኛ 900 ብር የልጅ ጫማ ነው፤ ለእርሷ ግን የስንት ቀን እንጀራ እንደሚሆን አሰብን። ዝም ብለን ብንተወው፥ እውነት ባልሆነ ነገር ስማችን ተበላሽቶ ይቀራል። ገንዘቡን ብንቀበል ደግሞ በእኛ ላይ የተደረገው ስሕተት ከእኛ ወደምትደክም ሰው ይተላለፋል። ሁለቱም ኅሊናችን አልተቀበላቸውም።

«ጌታዬ» አልናቸው፥ «እኛ የጠየቅነው ዕዳው ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው እንዲዛወር አይደለም። ፎጣው በእርግጥ መጥፋቱ ይመርመር ነው ያልነው። ከክፍል ወጥቶ ወደ ልብስ ማጠቢያ የሚገባው ዕቃ የሚጻፍበት መዝገብ ካለ፥ የዚያን ቀኑን ገጽ ይመልከቱልን።» እሳቸውም ለማየት ቃል ገቡ።

በሦስተኛው ቀን መልሱ መጣ። ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን ልጅቱ ሁለት ያደፉ ፎጣዎች ለእጥበት አውጥታ ነበር። በዚያ ሰዓት ከማጠቢያው የደረሰው ንጹሕ ፎጣ አንድ ብቻ ስለ ነበረ አንዱን አስቀመጠች፤ ሁለተኛውን በማግሥቱ ልታመጣ አስባለች። በመዝገቡም ላይ «ሁለት ወጣ፥ አንድ ገባ» ብላ በእጇ ጽፋዋለች። በማግሥቱ ክፍሉን ያየው ሌላ ሠራተኛ መዝገቡን ሳይመለከት አንድ ፎጣ ብቻ ቢያገኝ «አንድ ጠፋ» ብሎ አስታወቀ። ፎጣው በማጠቢያው ቤት መደርደሪያ ላይ ከሌሎቹ ጋር ታጥፎ ይገኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ይቅርታ ጠየቁን፤ 900 ብሩም ተመለሰ። እኛም «የልጅቱስ ነገር?» ብለን ጠየቅናቸው። «መዝገቧ እርስዎንም እርሷንም አዳነ፤ ከደመወዟ የሚነካ የለም» አሉን። ከዚህም ወዲያ በእያንዳንዱ ክፍል የዕቃ ዝርዝር አድርገው እንግዳው ሲገባም ሲወጣም እንዲፈርም ለማድረግ እንዳሰቡ ነገሩን። ታናሽቱ ልጃችንም ጫማዋን አገኘች፤ የጫማዋ ገንዘብ በስንት ሰው እጅ ዞሮ እንደ መጣ ግን አታውቅም።

እንግዲህ ከዚህ ነገር ለመንገደኛ የሚጠቅመውን በአጭሩ እንሰብስብ። ዋጋ ስትጠይቁ አገልግሎቱና ታክሱ ተጨምሮበት እንደ ሆነ ጠይቁ። መያዣ ስትሰጡ መጠኑና ተመላሽ መሆኑ የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበሉ። ወደ ክፍሉ ስትገቡ የጐደለና የተሰበረ ነገር ካለ ሻንጣችሁን ሳትፈቱ አስታውቁ። ለእጥበት የሰጣችሁትንና ከክፍሉ ውስጥ የተጠቀማችሁበትን በማስታወሻችሁ ጻፉ፤ እኛ ይህን ባናደርግ ኖሮ እንደ ረሳን ሁሉ እናንተም ትረሳላችሁ። በሌሊት የምትሄዱ ከሆነ ሒሳባችሁን በዋዜማው ጨርሱ፤ ክፍሉም በፊታችሁ ይታይ። ያላሰባችሁት ሒሳብ ሲመጣ ድምሩን ከመካድ በፊት አሠራሩን ጠይቁ፤ የእናንተ የሆነውን ከፍላችሁ የቀረውን በጽሑፍ አመልክቱ። ሥራ አስኪያጁ ካልሰማ የአካባቢው የንግድ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ከዚያም በላይ ፍርድ ቤት አለ።

ከላይ ያልነው ሁሉ ለእንግዳ ነው። ነገር ግን የዚህ ዓምድ አንባብያን ብዙዎቻችን በመንግሥት ጽሕፈት ቤት ከጠረጴዛ በስተጀርባ የምንቀመጥ ሰዎች ነን። ባለጉዳይ ከሩቅ አገር መጥቶ በፊታችን ሲቆም እርሱም እንግዳ ነው። አስቀድመን ያልነገርነውን ወረቀት ዛሬ «ይጐድልሃል» ስንለው፥ ያላሰበውን ክፍያ ስንጠይቀው፥ ምክንያቱን ሳንገልጽ «ነገ ተመለስ» ስንለው፥ እኛም ያልነበረ ፎጣ በሒሳቡ ላይ ጽፈንበታል ማለት ነው። ነገ ለመመለስ የሚያድርበትን የሚከፍለው እርሱ ነው። እርሱም አሠራሩን የመጠየቅ መብት አለው፤ እኛም ሳንቈጣ የማሳየት ግዴታ አለብን።

ከላይ ቃል የገባነውን አሁን እንፈጽም። በትግርኛ «ጋሻ» እንግዳ፥ በአማርኛ ደግሞ መመከቻ መሆኑን ተናግረናል። እንግዳ በሰው አገር ዘመድም ወገንም የለውም። የእኛ መመከቻ ሆነው ያገኘናቸው በኪሳችን የነበሩት ደረሰኞችና አንዲት ወጣት የክፍል አጽጂ በጥንቃቄ የጻፈችው አንድ መስመር ናቸው። አለቃችን ያን ጊዜ «ጦሩንስ ማን ያዘው?» ብለው ቢስቁብንም፥ ዛሬ ቢጠይቁን «ጋሻው ደረሰኙን ይዟል» ብለን እንመልስላቸው ነበር።